ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሰርግ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ ያዘኝ። የሥራ ባልደረባዬ አባቱ ሞተውበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሴት በትልቅ ሳህን ንፍሮ ይዛ ዞረች። ስንዴና ሽምብራ ነው፣ ገና ትኩስ። እንፋሎቱ አፍንጫዬ ስር ሲደርስ በቃ፣ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ አጎነበስኩ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት የማለቅስ መስሏቸው "ይብቃሽ ልጄ፣ ይብቃሽ" እያሉ ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር። ይባስ ብሎ ያኔ እውነተኛው እንባ መጣ።

ምን ላድርግ? ንፍሮ ሲሸተኝ ሟች አይታየኝም። የሚታየኝ ብቸና ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ ሚኒባስ ነው፣ አባቴ በሽርጥ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ብቸና ተዛውሮ እማዬንና እኔን ይዞን መጣ። ለእማዬ ጎጃም ማለት ውጭ አገር ነበር፤ ቀልዴን አይደለም። "ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ" እያለች ነበር የምታወራው። ቋንቋው ያው አማርኛ ነው፤ ግን እሷ ገበያ ላይ "አቦ ቀንሺልኝ" ስትል ሴቶቹ ሁሉ ዞር ብለው ያዩአታል። ብርዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ በላዩ ቀይ ሻሿን ጠምጥማ፣ ፀሐይ ወዳለበት ግድግዳ ተጠግታ ትውላለች። ከአባቴ ጋር ውል ነበራቸው፤ አንድ የትምህርት ዓመት ብቻ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ድሬ እንመለሳለን። አባቴ ምሎላታል። እሷም ያንን መሐላ እንደ ሦስተኛ ሹራብ ለብሳው ነበር የምትውለው።

የተከራየነው እትዬ የኔዓለም ግቢ ውስጥ ነው። ባላቸው የሞቱ፣ ቁመታቸው አጭር፣ አንደበታቸው ረጅም ሴት ነበሩ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ አሉ፤ እማዬን ሲያገኟት ሁልጊዜ ቆብ ያለበት ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉላታል፣ እሷም ምን ብላ እንደምትመልስ ሳታውቅ ሻሿን ታስተካክላለች።

አባቴ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ብቸና በገባን በሁለተኛው ሳምንት "ቅዳሜና እሁድ ቤት መዋል ክልክል ነው" ብሎ አወጀ። ለእማዬ አገሩን በሙሉ አሳይቶ ሊያስወድዳት ነው፤ እሱ እንዲህ ነው የሚያስበው። አርብ ማታ እማዬ እያጉረመረመች የምስር ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ነን። እኔ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ስገላበጥ ነው የማድረው። ጫማዬን አድርጌ የተኛሁበት ጊዜም አለ።

ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ከቤታችን እስከ መናኸሪያ ያገኘን ሰው ሁሉ ያስቆመናል። "ደህና ነው? ወዴት ነው?"

አባቴ "ልናይ ነው" ይላል።

"ማንን?"

"አገሩን።"

ሰዎቹ ፈገግ ብለው ያሳልፉናል። ብቸና ውስጥ ሰው መኪና የሚሳፈረው ለቅሶ ሲኖር፣ ሰርግ ሲኖር፣ ንግሥ ወይም ገበያ ሲኖር ነው። ሚስትና ልጁን ይዞ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ ምንም ሳይኖር የሚሄድ ሰው ምን ይሉታል? እትዬ የኔዓለም አንድ ቀን እኔን ለብቻዬ ይዘው "ደብረ ወርቅ ዘመድ አላችሁ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። የለንም አልኩ። "ታዲያ ማን ቤት አረፋችሁ?" ማንም ቤት፤ ዛፍ ስር ሳምቡሳችንን በልተን ተመለስን። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰው አገር ተሂዶ ዛፍ ስር መብላት ምን ዓይነት ችግር ቢደርስብን እንደሆነ አልገባቸውም።

ከሁሉም የማልረሳው ዓባይን ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እስከ ደጀን በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ አባቴ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ለምኖ ጋቢናው ውስጥ ተጨናንቀን ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይታጠፋል፤ ጆሮዬ ተደፈነ፤ እማዬ ሎሚዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ከዚያ በመስኮቱ የሞቀ ነፋስ ገባ። መጀመሪያ ለስላሳ ነበር፣ ከዚያ እየበረታ መጣ። እማዬ ዓይኗን ገለጠች። አንደኛውን ሹራብ አወለቀች። ሁለት ጥምዝ እንደዞርን ሁለተኛውን አወለቀች። ክንዷ ባዶ ሆኖ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! አባቴ ከድሬ ስንመጣ "ድሬ ቆላ ናት፣ ከታች ናት" ብሎኝ ስለነበር በቃ ገባኝ፤ እየሄድን ያለነው ድሬ ነው። ገደሉ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ አለች፣ አያቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀናለች። ድልድዩ ጋ ስንወርድ ሮጬ ጫፉ ላይ ሄጄ ቤቶቹን ፈለግሁ። ድፍርስ ወንዝ ብቻ ነው ያለው። "አያቴ የታለች?" ብዬ ስጮህ ሾፌሩ እንኳን ሳቀብኝ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። አቅፋኝ "ሽታው ግን እሱ ነው፣ አይደል?" አለችኝ። እውነት ነበር፤ የጋለ ድንጋይና የደረቀ ቅጠል ሽታ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከገደሉ ወጥቶ የሳምቡሳ ፌስታላችንን ከአባቴ እጅ መንትፎ ሄደ። አባቴ ጫማውን አውልቆ እያስፈራራ ተከተለው፤ ዝንጀሮው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሳምቡሳውን አንድ በአንድ እየገመጠ፣ አባቴን ያየዋል። እማዬ እስክታለቅስ ሳቀች። አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ "ያ አላህ፣ ጨው አነሰው እንዳይል ብቻ!" እያለች። አባቴ ተመልሶ መጥቶ ቆሞ አያት። አፉን ከፈተ፣ የሚናገር መሰለኝ፣ ግን ዘጋው። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። ከዓባይ ጉዞ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አባቴ ከድሬ ስልክ መጥቶለት ነበር። ሊመለስበት ያሰበው የሥራ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሰኔ ላይ መመለስ የለም፤ መቼ እንደሚኖርም አይታወቅም። ይህን ለእማዬ መንገር አቃተው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደስ አሰኝቶ፣ አለስልሶ፣ አንድ ቀን ስትስቅ ጣል ሊያደርገው አሰበ።

እኛ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው ጓሮ ባለው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። አባቴ እዚያ ላይ ቆሞ ለወንድሙ ሲናገር እትዬ የኔዓለም ከድንጋዩ ስር ምስር ይለቅማሉ፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለሷ እንዳትነግሯት፣ አደራ። ከሰው አፍ እንዳትሰማ። ወጣ ወጣ እያደረግኋት ልቧ ሲረጋ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ" አለ። ንፋሱ ዓይኑ ውስጥ አቧራ ከቶበት በመሐረብ ጠረገው። እትዬ የኔዓለም እጃቸው ምስሩ ላይ ቀጥ አለ።

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው የሞተበት ሰው ወዲያው አይነገረውም። ይሸፋፈንለታል፣ በሰበብ በሰበብ ይያዛል፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። ለእትዬ የኔዓለም ነገሩ ሁሉ በአንዴ ቦግ አለላቸው። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ያለ ምክንያት መሳቅ! ምስኪን ሰውየ፣ የሚስቱ እናት ሞተውበት ማዘናጋቱ ነው። አያቴ ስልክ የላትም፤ የምናገኛት በጎረቤቷ ሱቅ በኩል አልፎ አልፎ ነው፤ ይህንንም ያውቃሉ። ወሬው ከአጥር አጥር ዘለለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው እማዬ ብቻ ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ንግሥት ሆንኩ። በደረስኩበት ቤት ቆሎ በኪሴ ይሞላልኛል፤ "አይ አንቺ ልጅ" ብለው ራሴን ይዳብሱኛል። ደስ አለኝ፣ የወደዱኝ መስሎኝ። እማዬ ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ገበያ ላይ ሳትከራከር ይቀንሱላታል፣ ዓይኗን ግን አያዩም። አንድ ማታ ለአባቴ ስትናገር ሰማኋት። "ስመጣ ዝም ይላሉ። ምን አድርጌያቸው ነው? እዚህ ብሞት የሚያለቅስልኝ ሰው የለም። ሰኔ በደረሰ።" አባቴ ተነሳ። መብራቱን አጠፋ።

በሳምንቱ እትዬ የኔዓለም አባቴን በር ላይ ያዙት። "ልጄ" አሉት፣ "ሰምቻለሁ። እስከ መቼ ትደብቃታለህ?"

አባቴ ክው አለ፤ ከዚያ ስለ ዝውውሩ ያወቁ መስሎት ትከሻው ወረደ። "ከባድ ነው እትዬ። ትሰበርብኛለች። ሞጣ ልወስዳት ነው ቅዳሜ፣ እዚያ እነግራታለሁ።"

"ይቅናህ" አሉት፤ እጁንም ሳሙት። አባቴ አሮጊት እጁን ስትስመው ግራ ቢጋባም ለጎጃም ደግነት ቆጠረው።

እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ የሰማሁት ሌላ ነው፤ ሞጣ ላይ ለእማዬ የተደበቀ ነገር አለ! ቴሌቪዥን መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ግንደ ወይን ላይ ጎማ ሲፈነዳ የማለቅስ ሁሉ መስሎኝ ነበር። ሞጣ ስንደርስ ሱቁን ሁሉ እየገባሁ አጎንብሼ ከመደርደሪያ ስር አያለሁ፤ እማዬ ሆዴን የቆረጠኝ መስሏት ትደነግጣለች። ገበያው ደምቋል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። አባቴ በሰላምታ የተዋወቃቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉን፤ እማዬ ከባለቤታቸው ጋር ስለ ቅመም ስታወራ ቆየች፣ ስትወጣ ብርቱካንማ ድሪያ፣ ያን ሰፊውን ስስ ቀሚስ፣ ተሸልማ ነበር። የተደበቀ ነገር ግን የለም። አባቴ ሦስት ጊዜ "ሰሚራ፣ አንድ ነገር…" ብሎ ጀመረ፤ አንዴ ነጋዴው አቋረጠው፣ አንዴ ረዳቱ፣ አንዴ ራሱን አቋረጠ።

ስንመለስ እማዬ ሚኒባሱ ውስጥ እያጨበጨበች ዘፈነች። ከልቧ ነው የዘፈነችው። ብቸና ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ እማዬ በዚያ ብርቱካንማ ልብስ፣ ቀይ ሻሽ አድርጋ፣ እየሳቀች ግቢ ገባች። እትዬ የኔዓለም በር ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ከዚያ አባቴን አዩ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ አልነገርኳትም ማለቱ ነው። እትዬ የኔዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቤታቸው ገቡ። እናቷ አፈር ገብታ ልጅቷ በቀይ ሻሽ ስትዘፍን፣ ነገ ስታውቅ በራሷ እንዴት ታፍራለች? ከዚህ በላይ ዝም ማለት ለእሳቸው ጭካኔ ነበር። ማታውን ከጓዳቸው የስንዴና የሽምብራ ሽታ መጣ። ድግስ አለ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። እማዬና አባቴ ሱብሂ ሰግደው እንደገና ጋደም ብለው ነበር። እማዬ ከፈተች። ግቢው ሞልቷል። የኔታ ከፊት ቆመዋል፤ አጠገባቸው ከገበያው በላይ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ አሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብለው እትዬ የኔዓለም እንደ ሃይማኖታችን የሚያጽናናን ሰው በሌሊት ቀስቅሰው ማምጣታቸው ነው። ከኋላ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሐጂ "ልጄ፣ ሁላችንም ወደ አላህ ተመላሾች ነን" አሉ።

ከዚህ በላይ የሚነገር አልነበረም። እማዬ "እማ!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ እንደ አንድ ሰው ደረታቸውን መቱ። ያቺ ውሃ ስትቀዳ ዝም የምትል፣ ያቺ ቲማቲም የምትሸጥ፣ ሁሉም ይዘዋት መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ለይምሰል አልነበረም፤ ልጅ ነበርኩ ግን ይህን አውቃለሁ። አባቴ በሽርጥ ብቻ ወጥቶ "ማን ሞተ?" ይላል፣ መልስ የሚሰጠው የለም። ሲገባው እሱም ራሱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ለእትዬ የኔዓለም ተደውሎ የተነገራቸው መሰለው።

አንድ ጊዜ ብድግ አለና እንደ አበደ ሰው ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ ደወለ። ለቅስተኛው ሁሉ ተከተለው። ባለሱቁ አነሳ። "እማማን ጥራልኝ፣ ማለቴ… ቤታቸው ማን አለ?" አለ አባቴ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ነበርና ሁላችንም እንሰማለን። እማዬ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ቆማለች። ጫማ ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ ያ የምናውቀው ቁጡ ድምፅ መጣ።

"ማነው በዚህ ሰዓት? ምንድን ነው የሚለቀሰው? ማን ሞተብኝ?"

እማዬ ስልኩን ከአባቴ እጅ ነጠቀችው። "አንቺ ነሽ እኮ የሞትሽው!"

"እኔ?" አለች አያቴ። ትንሽ አሰበች። "ወላሂ ገና ቁርሴን አልበላሁም።"

የኔታ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ፈነዳ፤ እንባቸውን ሳይጠርጉ ነው የሚስቁት። እትዬ የኔዓለም ብቻ አልሳቁም። አባቴን ቀና ብለው አዩት። "ታዲያ ምን ነበር ስትደብቃት የከረምከው?"

ሁሉም ቀና አለ። አባቴ ድንጋዩ ላይ በሽርጥ፣ በባዶ እግሩ፣ ሕዝብ ፊት ቆሟል። መውረጃ የለውም።

"የድሬው ቦታ ተይዟል" አለ። "ሰኔ ላይ አንመለስም፣ ሰሚራ። መቼ እንደምንመለስ አላውቅም። አንድ ወር ሙሉ ልነግርሽ አቅቶኝ ነው።"

እኔ እማዬን ነው የማየው። ያ የምትለብሰው መሐላ ከላይዋ ተገፎ ሲወድቅ የማይ መሰለኝ። ስልኩ አሁንም እጇ ላይ ነው፤ አያቴ "ሃሎ፣ ሃሎ" ትላለች።

"ይኼ ነው?" አለች እማዬ።

"ይኼ ነው።"

"ይኼ ብቻ ነው?" ድንጋዩ ስር ቁጭ አለች። መሳቋን ይሁን ማልቀሷን እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ስትቀመጥ ሴቶቹም አብረዋት ተቀመጡ፤ ከዚያ ንፍሮው መጣ። ተቀቅሏል፣ ምን ይደረግ? ሐጂ ቢስሚላህ ብለው፣ የኔታ ባርከው፣ ማንም ያልሞተበትን ለቅሶ ንፍሮ እየዘገንን በላን። እንደዚያ የጣፈጠ እህል በልቼ አላውቅም።

እማዬ እየበላች ድንገት ወደ እትዬ የኔዓለም ዞረች። "እትዬ፣ እናቴን አያውቋትም። ምን ብለው ነው እንደዚያ ያለቀሱት?"

እትዬ የኔዓለም የዘገኑትን ንፍሮ በእጃቸው እንደያዙ አሰቡ። "እሷንስ አላውቃት፣ አንቺን አውቅሻለሁ" አሉ። "አንቺ እናት አልባ ስትሆኚ ቆሜ ልይ?"

እማዬ ጠጋ አለች። ከሰፌዱ ዘግና ለእትዬ የኔዓለም አጎረሰቻቸው። ስለ ሰኔ ከዚያ ቀን በኋላ አንስታ አታውቅም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ስንደርስ ብቻችንን አልነበርንም። እማዬ እትዬ የኔዓለምን፣ ቲማቲም ሻጯን፣ ውሃ የምትቀዳዋን ሁሉ ጎትታ አምጥታለች፤ ሳምቡሳው ሁለት ፌስታል ሙሉ ነው። የሞጣ ሚኒባስ በነጠላ ተሞላ። ረዳቱ እያየን ግራ ገባው። ለቅሶ እንዳይል እንስቃለን። ሰርግ እንዳይል ሁዳዴ ነው።

"እትዬ" አላቸው፣ "ደህና ነው? ወዴት ነው እንዲህ ሆናችሁ?"

እትዬ የኔዓለም መስኮቱ ጋ ከእማዬ ጎን ተመቻችተው ተቀመጡ፤ አባቴን በጎን ዓይናቸው አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ልናይ ነው" አሉት። "በል ዝጋው፣ ብርድ ይገባባታል።"